ሳይበሉ መጥለቅ፣ ሳይተኙ ማስተማር

በዚህ መጽሔት ስለ መኝታና ስለ ምግብ ሲጻፍ አንባቢው ስለ መመገቢያ አዳራሻችን ወጥ ቅጥነት የሚነሣ የተለመደ አቤቱታ መስሎት ገጹን እንዳያልፈው አስቀድመን እናስታውቃለን። የዛሬው ነገራችን ከግቢያችን ርቆ ቀይ ባሕር ዳር ይደርሳል። ይኸውም በባሕር ውስጥ መጥለቅን ለሌላው ለማስተማር የሚያበቃውን የስኩባ አሠልጣኞች ኮርስ ለመከታተል የሚሄድ ወጣት የት ያድራል፣ ምንስ ይበላል የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በእኛ አስተያየት ግን ትንሽ አይደለም፤ እንዲያውም የኮርሱ ግማሽ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

«ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ስለ ባሕር አሠልጣኝነት ምን አገባው?» የሚለን ወዳጅ እንደሚኖር እናውቃለን። እርግጥ ነው፣ ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ነገር ግን ጥያቄው የእኛ የሚሆነው ስለዚሁ ነው። ባሕሩ በደጁ የሆነ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ማታ ወደ እናቱ ቤት ይገባል፤ ራቱን በልቶ በገዛ አልጋው ይተኛል። ከደጋ የሚወርደው ልጅ ግን ከትምህርቱ ዋጋ በላይ አልጋውንም እንጀራውንም በሰው አገር ገንዘብ መግዛት አለበት። ስለዚህ የመኝታና የምግብ ነገር ለባሕር ዳሩ ልጅ ዝርዝር ጉዳይ ሲሆን ለእኛ ዓይነቱ ግን መማር ወይም አለመማር ነው።

ነገሩን በደፈናው እንዳንናገር አንድ የታወቀ ቦታ እንውሰድ። በግብፅ በሲና ልሳነ ምድር፣ በዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳር ደሃብ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከሻርም ኤል ሼክ ወደ ሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጠላቂዎች ከሚወዱላት ነገር አንዱ የኮራሉ ድንጋይ ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ ርቆ መጀመሩ ነው፤ ስለዚህ ለብዙው መጥለቅ ጀልባ አያስፈልግም፣ ዕቃን ተሸክሞ በእግር ወደ ውሃው መግባት ይበቃል። ሰማያዊ ጉድጓድ እየተባለ የሚጠራው 100 ሜትር ያህል የሚጠልቀው ስፍራም ከከተማዋ በስተሰሜን ይገኛል። ብዙ ሕይወት የጠፋበት ስፍራ ነውና በዚያ አገር መምህር መሆን ቀልድ አይደለም።

በዚያ ከሚሰጡት ኮርሶች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተቋቋመው ፓዲ የተባለው ድርጅት ባወጣው ደንብ የሚካሄዱ ናቸው። ዕጩው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፣ የመሪ ጠላቂነትን ደረጃ ያለፈና የሐኪም ማስረጃ ያለው መሆን አለበት። ኮርሱን ለመጀመር 60 ጊዜ፣ ለፈተናው ለመቅረብ ደግሞ 100 ጊዜ መጥለቁን በመዝገቡ ማሳየት አለበት። ኮርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዐሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያም ፈተናው ይመጣል። ፈታኙ ኮርሱን ያስተማረው ሰው አይደለም፤ ከድርጅቱ የሚላክ ሌላ ሰው ነው። ዕጩው በፊዚክስ፣ በፊዚዮሎጂ፣ በመሣሪያ፣ በመጥለቅ ሙያና በጥልቀት ሰንጠረዥ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ለማለፍም ከመቶ 75 ማግኘት አለበት። በክፍል ውስጥ፣ በገንዳና በባሕር ውስጥ እያስተማረ ይታያል፤ ራሱን የሳተ ጠላቂ እንዴት እንደሚረዳም ያሳያል።

እንግዲህ የዚህን ዕጩ አንድ ቀን አስቡት። ጠዋት በገንዳ፣ ረፋድ ላይ በባሕር፣ ከሰዓት በኋላ በክፍል ይውላል። ማታ ደግሞ በማግሥቱ የሚያስተምረውን ትምህርት ያዘጋጃል፤ የደንቡን መጽሐፍ ያገላብጣል፤ ሰንጠረዡን ያሰላል። ፈተና ሲደርስ ሻማ አብርተን ስናድር የነበርን ሁላችን ይህን ሕይወት በከፊል እናውቀዋለን። ልዩነቱ እኛ ከተኛንበት የተማርነውን ብንረሳ የምንጎዳው ራሳችንን መሆኑ ነው። እርሱ ግን በማግሥቱ በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑን በሌላ ሰው ላይ ማኖር አለበት።

ሥጋም የራሱ ሕግ አለው። ውሃ ከአየር ይልቅ ከሃያ ጊዜ በላይ ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው እንኳ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠልቅ ይበርደዋል፣ ይርበዋል። ከሲሊንደሩ የሚተነፍሰው አየር ደረቅ ነው፤ ውሃ ውስጥ መቆየት ደግሞ ሽንትን ያበዛል፤ በሁለቱም ምክንያት ሰውነቱ ውሃ ያጣል። የውሃ ማጣት በደም ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ ለሚያስከትለው ሕመም ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ እንደሆነ ጠላቂዎች ሁሉ ይማራሉ። በደሃብ ደግሞ የሚጠጣ ውሃ በግዢ ነው። ገንዘቡ ያለቀበት ተማሪ መጀመሪያ የሚቆጥበው ምንን ይመስላችኋል? ውሃን ነው። ይህ ቁጠባ ነው ወይስ ራስን መጉዳት?

የምግቡ ዓይነትም ቢሆን ያለ ሐሳብ የሚተው አይደለም። በግብፅ የተማሪና የሠራተኛ ቁርስ ፉል መሆኑ የታወቀ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በ10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከባሕሩ ወለል እጥፍ በመሆኑ እዚያ በሆድ ውስጥ የተፈጠረ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጡ እጥፍ ይሆናል። የቦይልን ሕግ በመጽሐፍ ያልገባው ሰው በባቄላ እንዲገባው ማድረግ የኮርሱ ዓላማ አይመስለንም። ፉሉ ለራት ይቆይ፤ ጠዋት ቀለል ያለ ዳቦ፣ እንቁላልና ፍራፍሬ፣ በሁለቱ መጥለቆች መካከል ትኩስ ሾርባ ቢኖር ግን ሁሉም በየወግ በየማዕረጉ ይሆናል።

ከጥንት ጀምሮ ይህን ሥራ በቁም ነገር የያዙ ሰዎች አልጋና ምግብን ከትምህርቱ ለይተው አላዩም። ናዊ የተባለው ማኅበር የመጀመሪያውን የአሠልጣኞች ኮርስ እ.ኤ.አ. በ1960 በሂውስተን ከተማ ሲያካሂድ የመረጠው ቦታ በገንዳው ትልቅነት የታወቀውን የሻምሮክ ሂልተን ሆቴልን ነበር፤ መኝታውና መዋኛው በአንድ ግቢ ማለት ነው። ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በቅርባችን አለ። ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 በሱዳን ጠረፍ፣ ሻዓብ ሩሚ በተባለው ስፍራ፣ በቀይ ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ያህል ጠልቆ ቤት ሠርቶ ነበር። ሰዎቹ በዚያ ቤት አንድ ወር ኖሩ። የሚተኙበትና አብረው የሚበሉበት ክፍል ነበራቸው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ስለዚሁ የተሠራው ፊልም በዓለም ታወቀ። በባሕር ሥር እንኳ ገበታ ከተዘረጋ በባሕር ዳር መዘርጋት እንዴት ያቅታል?

የሚያቅተው ባለመቻል ሳይሆን ባለማሰብ ነው። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቻችን ሦስቱ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ይዘው ወደዚያው ሄደው ነበር። ከመሄዳቸው በፊት በማስታወቂያ ላይ «መኝታና ምግብ የተጠቃለለ» የሚል አንብበው በዚያው ቤት ከፍለዋል። ሲደርሱ ቤቱ ከሚማሩበት ስፍራ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ሆኖ ተገኘ። «ምግብ» የተባለውም የጠዋት ሻይ ከዳቦና ከቁራጭ አይብ ጋር ነው። በክፍሉ ውስጥ ከእነርሱ ሌላ ለመዝናናት የመጡ ሦስት እንግዶች ይተኙ ነበር፤ እነዚያ እንግዶች በእኩለ ሌሊት ሲመለሱ ጓደኞቻችን በደረጃው ላይ ተቀምጠው በኮሪደሩ አምፖል ሰንጠረዥ ያጠኑ ነበር። ለምሳ የያዙት ገንዘብ በየቀኑ ለመኪና ሄደ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ተረት ለጠላቂ ብቻ የተተረተ አይደለም።

በአምስተኛው ቀን ሦስቱም ዕቃቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር መጡ። በደሃብ ካምፕ የሚባሉ ቤቶች አሉ፤ ስሙ ድንኳን ያስመስለዋል እንጂ በአንድ ግቢ ዙሪያ የተሠሩ ተራ ክፍሎች ናቸው። ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩና ጠረጴዛ ያለበት ክፍል በአካባቢው ገንዘብ ተከራዩ፤ በግቢው ማድ ቤት እንዲያበስሉም ተፈቀደላቸው። ምስር፣ ሩዝና ሽንኩርት ከገበያ ገዙ፤ ሽሮውና በርበሬው ከቤት የተላከ ነበር። በየተራ እየሠሩ አብረው በሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ ሦስት ቀጫጭን ኪሶች አንድ ደህና ድስት ሞሉ። ሁለቱ ፈተናውን በደኅና አለፉ። ሦስተኛው ግን በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የጎደለበትን ጥናት ሳይሞላ ቀርቶ ከጽሑፉ አንዱን ክፍል ወደቀ፤ እንደገና ለመፈተን እንደገና መክፈል፣ እስከ ቀጠሮውም ሌላ አልጋ መከራየት ግድ ሆነበት። የመጀመሪያው ቤት የተቀበለውን ገንዘብ አልመለሰም። እንግዲህ የርካሹ አልጋ ዋጋ ይህ ነው።

ስለ ዋጋ ከተነሣ አይቀር በግልጽ እንነጋገር። የኮርሱ ዋጋ ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የትምህርቱ ብቻ ነው። ከእርሱ ሥር የመጽሐፉ፣ የፈተናው፣ ለድርጅቱ የሚከፈለው የመመዝገቢያ፣ የኢንሹራንሱ፣ የመሣሪያው ኪራይ፣ ከዚያም የአልጋውና የምግቡ ይከተላል። ትልቁ ቁጥር የሚነገረው በዶላር ወይም በዩሮ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ መግባቱን ሁላችን አይተናል። የግብፅም ፓውንድ በዚያው ዓመት በማርች ወር ከ31 ገደማ ወደ 50 ገደማ በአንድ ዶላር ወርዷል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ምግብና መኝታ በአገሩ ገንዘብ ሲከፈል አንድ ዋጋ፣ በዶላር ተጠቃሎ ሲከፈል ሌላ ዋጋ አለው። ይህን ልዩነት ማን ይወስደዋል? አስቀድሞ ዝርዝር ያልጠየቀ ተማሪ ራሱ ይከፍለዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና።

አሁን የሚቃወሙንን እንስማ። አንዳንዶቹ «ጠላቂ መከራ የለመደ መሆን አለበት፤ በአልጋ ምቾትና በወጥ የሚያስብ ሰው ለባሕር አይሆንም» ይላሉ። ይህ አነጋገር ጀግንነት ይመስላል፤ ነገር ግን የሁለት ነገሮችን ልዩነት ያጠፋል። በውሃ ውስጥ የሚመጣውን ችግር መቻል ሙያ ነው፤ በየብስ ላይ ሊቀር የሚችለውን ችግር መሸከም ግን ሙያ አይደለም። ደግሞም ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ራታቸውን በልተው የሚናገሩ ናቸው። መከራው ሁሉን እኩል ቢፈትን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ነገር ግን የሚፈትነው ድኻውን ብቻ ነው፤ ባለጸጋው ዕጩ በጥሩ ሆቴል ተኝቶ ይመጣል፣ ድኻው ግን በደረጃ ላይ አድሮ ከእርሱ ጋር በአንድ ወረቀት ይፈተናል። ይህ የችሎታ ፈተና መሆኑ ቀርቶ የኪስ ፈተና ይሆናል።

ሌሎቹ ደግሞ «ትምህርት ቤቱ መኝታና ምግብ ካዘጋጀ ተማሪውን አሥሮ ይይዘዋል፤ እንደ ፈለገ ዋጋ ይጨምርበታል፤ የአገሩ ሰዎች ካምፖችና ምግብ ቤቶችም ገበያ ያጣሉ» ይላሉ። ይህኛው ተቃውሞ ቁም ነገር አለው፤ በቀላሉ አንጥለውም። መልሳችን ግን ማዘጋጀት ማስገደድ አይደለም የሚል ነው። ኮርሱን የሚያካሂዱት ሰዎች በአካባቢው ከሚገኙ ሁለት ሦስት ቤቶች ጋር ተስማምተው ዋጋውን በአገሩ ገንዘብ ለይተው ጽፈው ለዕጩው ቢያሳዩትና ምርጫውን ለእርሱ ቢተዉለት ተማሪውም ይጠቀማል፣ ባለ ካምፑም ለሁለት ሳምንት የታወቀ ደንበኛ ያገኛል። የምንቃወመው የተደበቀውን ዋጋና «ራስህን ቻል» ብሎ መሸኘትን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ባለን መጠነኛ ዕውቀት የሚከተለውን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ፣ አልጋ ማለት ፍራሽ ብቻ አለመሆኑ ይታወቅ። ዕጩ አሠልጣኝ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መብራት፣ እርጥብ ልብሱን የሚሰቅልበት ቦታ፣ በሚገባ የሚቆለፍ በር፣ ሌሊት ጸጥታ ያስፈልገዋል። ሴት እኅቶቻችን ለብቻቸው ክፍል ሊያገኙ ይገባል፤ ይህም ሲደርሱ የሚለመን ሳይሆን ከመነሣታቸው በፊት በጽሑፍ የሚረጋገጥ ይሁን። በአንድ ክፍል የሚያድሩት አብረው የሚማሩ ቢሆኑ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ተማሪ እየሆነ ማታ ማታ ይለማመዳሉ፤ ይህ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ቤቱም ከትምህርቱ ቦታ በእግር የሚደረስ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የምግቡ ሰዓት ከትምህርቱ ሰዓት ጋር አብሮ በአንድ ወረቀት ይጻፍ። በሁለት መጥለቆች መካከል ምግብና ውሃ የሚገኝበት ጊዜ ካልተመደበ ምሳ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። «ምግብ የተጠቃለለ» ሲባል ስንት ጊዜ፣ ምን ምን፣ ውሃ ጭምር ወይስ ያለ ውሃ ተብሎ ይገለጽ። የሚጾም ሰውም አስቀድሞ ያስታውቅ፤ እርሱንም የሚሰማው ይኑር። የግብፅ ክርስቲያኖች እንደ እኛው የሥጋና የወተት ነገር የሌለበትን የጾም ምግብ ያውቁታል፤ ፉሉና ምስሩ በየስፍራው አለ። በረመዳን ለሚጾም ወንድም ደግሞ የሌሊቱ ምግብና ውሃ፣ የመጥለቂያውም ሰዓት ከአስተማሪው ጋር ተመክሮበት ይወሰን። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ በቀን ሦስት ጊዜ መጥለቅ ከሐኪም ምክር ጋር የሚስማማ አይመስለንም፤ የኮርሱን ወር መምረጥ ግን በእጃችን ነው።

ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው የሚረሳት አንዲት ሌሊት አለች። በተከታታይ ቀኖች ሲጠልቅ የሰነበተ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት እንዳለበት ይመከራል፤ ብዙዎች 24 ሰዓት ይጠብቃሉ። ፈተናው በባሕር ካበቃ በዚያው ማታ መብረር የለም ማለት ነው። ስለዚህ የፈተናው ማግሥት ሌሊት ከነራቱ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ይግባ። አለዚያ ገንዘቡን የጨረሰው ተማሪ ወይ በአውቶቡስ መናኸሪያ ያድራል፣ ወይም ደንቡን ጥሶ ይበርራል። በተለይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነችው አዲስ አበባ ለምንመለሰው ነገሩ እጥፍ ጥንቃቄ ይሻል። ለዕረፍት ቀን ወደ ደብረ ሲና ለመውጣት የሚያስብም ይህንኑ ያስታውስ፤ ተራራው 2,285 ሜትር ነው፣ ሙሴም ከመውጣቱ በፊት በስኩባ አልጠለቀም።

አራተኛ፣ ከመነሣት በፊት ሁሉም ነገር በአንድ ወረቀት ተዘርዝሮ ይጠየቅ፤ ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ በምን ምክንያት እንደሚመለስና እንደማይመለስ ይጻፍበት። የሁለት ሳምንቱን አልጋ በአንድ ጊዜ ከመክፈል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች ብቻ ከፍሎ ቤቱን በዓይን አይቶ መቀጠል ይሻላል። ተሰባስቦ መሄድም ጥበብ ነው። ማኅበራችንም የሄዱት ያዩትን፣ የከፈሉትንና የበሉትን በአንድ መዝገብ ቢያስቀምጥ የሚቀጥለው ተጓዥ ከባዶ አይጀምርም። ይህ ለማኅበሩ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ብቻ የሚያስወጣ ሥራ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ሁሉ የምንለው ለአሠልጣኙ ምቾት ብቻ አይደለም። ያ ዕጩ ነገ ምስክር ወረቀቱን ይዞ በባሕሩ ዳር ሲቆም በፊቱ የሚቀርበው መቼም ጠልቆ የማያውቅ፣ የሚፈራ፣ የመተንፈሻውን አፍ በጥርሱ አጥብቆ የያዘ ጀማሪ ነው። ያ ጀማሪ ከውሃው ሥር ቃል መናገር አይችልም፤ ማየት የሚችለው የአስተማሪውን ዓይንና የእጁን ምልክት ብቻ ነው። ያ ዓይን የነቃ፣ ያ እጅ የማይንቀጠቀጥ እንዲሆን ሥልጠናው በሚገባ መጠናቀቅ አለበት፤ ሥልጠናውም የሚጠናቀቀው ሠልጣኙ በልቶና ተኝቶ ሲማር ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለው አባቶች ተናግረዋል። እኛም ከመማር በፊት ራትና እንቅልፍ ይቅደሙ ብለን ብንጨምርበት አይቆጡንም ብለን እናምናለን።